ግብጦ ወይስ የወይራ ዘይት? 24 መልስ ያገኘ አንድ ጥያቄ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ክር፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄዬና መልሶቹ ተከታትለው የተጻፉበትን፣ ስተርክ ገለልተኛ ሰው አይደለሁም፤ አስቀድሜ ልናገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ከጥምቀት በኋላ ሲመረመሩ ደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ፣ በደማቸው ያለው ስብም በዝቶ ተገኘ። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላቸው። ሲያሰናብታቸው ደግሞ የሜዲትራኒያን አመጋገብ ቢጀምሩ ጥሩ መሆኑን ነገራቸው። አባባ ደውለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሜዲትራኒያን የሚባለው ምግብ ቤት ባሕር ዳር የት ጋ ነው?

ሮም የሚኖረው ወንድሜ፣ ነገሩ ምግብ ቤት ሳይሆን የሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ሕዝቦች አመጋገብ መሆኑን ነግሮን ዝርዝር ላከልን። የወይራ ዘይት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ያልተፈተገ እህል፣ አሳ፣ ለውዝ፣ እርጎ፣ ነጭ ሽንኩርት። ቀይ ሥጋ አልፎ አልፎ። ቅቤ በወይራ ዘይት ይተካ። ዝርዝሩን ይዤ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ግማሽ ሊትር እንኳ የማትሞላ ጠርሙስ አነሳሁ፣ ዋጋዋን አየሁ፣ መልሼ ቦታዋ አስቀመጥኳት። ሰው አይቶኝ እንደሆነም ዞር ዞር አልኩ።

ማታውኑ ጻፍኩ። ጎጃም ላይ ያለ ሰው ይህን አመጋገብ ለመጀመር የግድ የሚያስፈልጉት ምግቦች የትኞቹ ናቸው? የወይራ ዘይት ከሌለስ ነገሩ ገና ከደጁ ቀረ ማለት ነው? ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይህን የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

1ኛው መልስ ሰጪ ለአባባ ምሕረት ለመነላቸው፣ ጨው ይቀንሱ አለ፣ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ክር ውስጥ አይጥፋ።

2ኛዋ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። ዝርዝሩን አንድ በአንድ ከጾም በያይነቱ ጋር አስተያየችው። ምስሩ አለ፣ ክኩ አለ፣ ሽሮው ሽምብራና ባቄላ ነው፣ ጎመኑ አለ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከወጡ ተለይቶ አያውቅም። ጤፍ ደግሞ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ገለባው ተለይቶ ሊፈተግ ስለማይችል ሁልጊዜ ከነሙሉነቱ የሚበላ እህል መሆኑን አስታወሰች። የፈረንጆቹ ዳቦ ግን ተፈትጎ ነጥቶ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ሙሉ እህል ተመለሱ የሚባሉት። ማጠቃለያዋ ጎጃሜ ሳያውቀው ሜዲትራኒያን ነው የሚል ነበር። ብዙ ሰው ወደደላት። እኔም ወደድኩላት፤ ግን ትንሽ ፈጥና የጨረሰች መሰለኝ።

3ኛው እርማት ይዞ መጣ። የሥነ ምግብ ትምህርት የተማረ ይመስላል፣ አጻጻፉም እንደ መምህር ነው። የዚህ አመጋገብ ዝና የተነሳው አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪስ ከባልደረቦቹ ጋር በ1958 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጀመረው የሰባቱ አገሮች ጥናት መሆኑን ነገረን። አሜሪካ፣ ፊንላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ጣሊያን፣ ዩጎዝላቪያ፣ ግሪክና ጃፓን ነበሩ። የግሪኳ የቀርጤስ ደሴት ገበሬዎች የልብ ሕመማቸው በጣም አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ስብ የሚበሉት በጥቂቱ አልነበረም። ከምግባቸው ኃይል 40 ከመቶ ገደማው ከስብ ነበር፤ ስቡ ግን አብዛኛው የወይራ ዘይት ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር የስቡ ዓይነት ነው ይላል ሰውየው። በያይነቱ ውስጥ ያለው ዘይት ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ሜዲትራኒያን ነን ማለት እንደማይቻል ለ2ኛዋ በጨዋ ቋንቋ አስረዳት።

4ኛው ጨዋ አልነበረም። ኪስ የፈለጋቸውን አገሮች መርጦ የፈለገውን ውጤት አገኘ የሚለውን የቆየ ክስ አመጣ። ከዚያ ግን የክሩን መንገድ የቀየረ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ቀርጤስ ላይ የገበሬዎቹ ምግብ ከተመዘነባቸው ጊዜያት አንዱ የዐቢይ ጾም ወቅት ላይ ወድቆ ነበር። እንግዲህ ሥጋና ወተት ያነሰው በጾም ምክንያት ሊሆን ይችላልና ጥናቱን ማን ያምናል ነው ነገሩ።

3ኛው ተመልሶ መልስ ሰጠ፤ በቁጥር 5ኛ ነው። ክርክሩ ከኪስ በኋላ እንዳልቆመ ጻፈ። ስፔን ውስጥ ፕሪዲሜድ የተባለ ጥናት 7,400 የሚያህሉ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሰዎችን አሳትፏል። አንዱ ቡድን ከሜዲትራኒያን ምግብ ጋር የወይራ ዘይት፣ ሌላው ለውዝና የመሳሰለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ስብ ቀንሱ የሚል ምክር ተሰጠው። የድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የስትሮክና በዚሁ ሰበብ የመሞት አደጋ በሁለቱ ቡድኖች 30 ከመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ታትሞ በ2018 ከመጽሔቱ ተነሳ፤ ሰዎቹ ወደየቡድኑ የተመደቡበት መንገድ አንዳንድ ቦታ ስህተት ነበረበትና። ተስተካክሎ በዚያው ዓመት እንደገና ሲወጣ ውጤቱ ያው ሆነ። ስህተቱን ሳይደብቅ መናገሩን ወደድኩለት። 4ኛው ግን ከዚህ በኋላ ስለ ጥናት አንድም ቃል አልጻፈ፤ ወደ ሌላ ጠብ ዞረ።

6ኛው የደጀን ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ይመስለኛል። የ4ኛውን ነቀፋ እንደ ምሥራች ነው የተቀበሉት። የቀርጤስ ገበሬዎች ጤነኛ የሆኑት ጾመው ከሆነ ለእኛ ከዚህ የበለጠ ምን ዜና አለ ብለው ጽፈዋል። ሁዳዴ 55 ቀን መሆኑን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና የነቢያት ጾም ሳይቆጠሩ መቅረታቸውን ጨምረው፣ ልጄ አባትሽን ጾሙን በደንብ አስጾሚያቸው በሚል ምክር ጨረሱ። ልጄ ማለታቸው ደስ አለኝ።

7ኛዋ የሁላችንንም ደስታ አቀዘቀዘች። ነርስ ናት። የጾም ምግብ ጤነኛ ነው ሲባል የሰማች ሁሉ አንድ ቀን የጾም ወጥ ሲሠራ ቆማ ብታይ አለች። ለአራት ሰው ምስር ወጥ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ዘይት ይንቆረቆራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው፤ የወይራም ሆነ የሌላ፣ በዚህ ለውጥ የለውም። ዘይቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረጋው ነው። ፓልም ዘይት ውስጥ ካለው ስብ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው ዓይነት ነው፤ ጠዋት ድስቱ ዳር ነጭ ሆኖ የሚጋገረው እሱ ነው። ስለዚህ ለመጀመር የምትመክረው አዲስ ምግብ አይደለም። ሽንኩርቱን በውኃ አቁላልቶ ዘይቱን ኋላ ጠብ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፣ ፉርኖ ዱቄት ዳቦውን መተው። ሦስተኛ፣ የአባባ መድኃኒት በምግብ አይተካምና እንዳያቋርጡ። ይህን ሦስተኛውን ሁለት ጊዜ ጻፈችው። አባባን የምታውቃቸው ይመስል።

ከዚህ በኋላ ዘይቱ ላይ ቆምን። 8ኛው ቢቸና አካባቢ ኑግ ሲጨመቅ ያደገ ሰው ነው። ኑጉ ሲታመስ የሚሸተውን፣ ተወቅጦ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ዘይቱ ብቅ የሚለውን፣ ፋጉሎው ለላም እንደሚሰጥ ሁሉ ጻፈ። ርዕሱ ጠፋብኝ ብዬ ሳለሁ ጠቃሚውን ነገር አመጣ። የኑግ ዘይት ስብ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ነው፤ የወይራው ደግሞ ኦሌይክ አሲድ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሁለቱም ግን ከማይረጉት ወገን ናቸው። ቅቤውንና የሚረጋውን ዘይት በኑግ የተካ ሰው የወይራውን መንገድ ግማሹን ሄዷል ብሎ ያምናል። 3ኛው ግማሹን የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ሊከራከር ሞከረ። ማንም አልሰማውም።

9ኛው፣ ወጣት ይመስለኛል፣ እኔም በሆዴ ይዤው የነበረውን ጥያቄ ጠየቀ። አገራችን ወይራ ሞልቶ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቆሞ፣ ዘይቱን ለምን ከውጭ እንገዛለን? 10ኛው መልሱን ያውቅ ነበር። የኛ ወይራ የዚያው የሜዲትራኒያኑ ዛፍ ዘመድ ነው፤ ዝርያው አንድ፣ ንዑስ ዝርያው የተለየ። ፍሬው ግን ጥቃቅን ነው፣ ሥጋው ስስ ነው፣ ለመጭመቅ አይበቃም። እኛ ጭሱን ወስደን ዘይቱን ለእነሱ ተውን ብሎ ቀለደ። 11ኛዋ ጭስ የሚለውን ቃል ስታይ አልቻለችም። እርጎ የሚረጋበት ዕቃ በወይራ እንዴት እንደሚታጠን፣ ፍሙ ስንት ጊዜ እንደሚገባ፣ የእናቷ እርጎ በሦስተኛው ቀን ምን ዓይነት ሽታ እንደነበረው አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈች። ከጥያቄዬ ጋር ግንኙነቱ እርጎ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አሁን ወደ ግብጦው።

12ኛው መልስ ሰጪ ከዳንግላ ወዲያ ያለ ገጠር የተወለዱ ጋሼ ናቸው። እስካሁን ስለ ባቄላና ሽምብራ ብቻ መወራቱ ገርሟቸዋል። ግብጦ የተባለውን እህል ሁሉም የረሳው የድሃ ምግብ ስለሆነ ነው ወይ ብለው ጀመሩ። ደካማ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ማዳበሪያ አይለምን፣ መሬቱንም ያለማል። ችግሩ ምሬቱ ነው። ይቆላል፣ ጆንያ ውስጥ ታስሮ ወራጅ ወንዝ ውስጥ ቀናት ይከርማል፣ ምሬቱ ሲወጣለት ተፈልፍሎ ይበላል። ልጅ ሳሉ ጆንያው የታሰረበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ እንደነበር፣ አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ጆንያውን ከነድንጋዩ ወስዶባቸው አባታቸው እንደገረፏቸው ተረኩ። ግብጦ የሚታወቀው አረቄ ቤት፣ ከአረቄ ጋር ሲቆረጠም ስለሆነ ሰው እንደ ምግብ አይቆጥረውም ብለው አዘኑ።

13ኛው ካይሮ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። የጋሼን ጽሑፍ አንብቦ ዘሎ ተነሳ። ይኸው ግብጦ ግብፅ ውስጥ ቱርሙስ ተብሎ በየመንገዱ ዳር በጋሪ ይሸጣል፤ ጨውና ሎሚ ተደርጎበት። ጣሊያኖችም ሉፒኒ ብለው፣ ፖርቱጋሎችም በየመጠጥ ቤቱ ይበሉታል። የሜዲትራኒያንን ባሕር የከበቡት ሕዝቦችና ጎረቤቶቻቸው የሚቆረጥሙት እህል ጎጃም ውስጥ አረቄ ቤት ተደብቆ ተቀምጧል ማለት ነው። እዚህ ላይ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ወንድሜ ከሮም በላከው ዝርዝር ውስጥ ግብጦ የለም፤ የሮም ልጅ ሆኖ!

14ኛዋ በፍጥነት ብሬክ ያዘች። የግብጦ ምሬት አልካሎይድ የሚባል ነገር ነው፤ በደንብ ካልተዘፈዘፈ ሰው ይመርዛል። ውኃው እየተቀየረ፣ ምሬቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ መቆየት አለበት። መራራ ከሆነ አይበላ፣ በቃ። እግረ መንገዷን ጓያንም እንዲሁ ዘፍዝፎ መብላት ይቻላል አለች። ይህ ነው 15ኛውን ያስቆጣው። የጓያ መርዝ ሌላ ነው፤ ዘፍዝፎ መቀቀልና ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል። በአካባቢያቸው በችግር ዘመን እንዲህ የሆኑ ሰዎች ምርኩዝ ይዘው ሲሄዱ እያየ ማደጉን ጻፈ። አነጋገሩ ከረር ይላል። ግን እውነት አለው፤ 14ኛዋም ይቅርታ ጠየቀች። እንዲህ ያለ ይቅርታ በዚህ መድረክ በዓመት አንዴ ነው የሚታየው።

16ኛው ጣና ዳር ያለ የባሕር ዳር ልጅ፣ አሳ ለምን ተረሳ አለ። ቆሮሶ ተጠብሶ ከሚበላ በሎሚና በቃሪያ ተቀቅሎ ቢበላ ለአባባ እንደሚሻል መከረ። አንድ የደብረ ማርቆስ ሰው ደግሞ እነሱ ጋ የሚደርሰው የሽምብራ አሳ ብቻ መሆኑን ጽፎ አሳቀን፤ 17ኛው ይህ ነው። የሽምብራ አሳ ዱቄት ነው፣ ሜዲትራኒያንን በሩቁ እንኳ አላየም። ግን ሽምብራ መሆኑ ይቆጠርልን ብሏል። ነርሷ ከኋላ መጥታ በስንት ዘይት ተጠብሶ ብላ ጠየቀች። ዝም አለ። የሱ ዝምታ ቁጥር አልተሰጠውም።

18ኛው ላይ ነገር ተበላሸ። ያው 4ኛው ሰው ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ስለ አሳ ማውራት ምን የሚሉት ነው ብሎ ተነሳ። አሳ በጾም ይበላል የሚሉና አይበላም የሚሉ ወዲያው ተሰለፉ። 19ኛውና 20ኛው አንዱ የአንዱን አያት ጾም እስከ መጠየቅ ደረሱ። የአባባ ደም ግፊት ተረሳ፤ የእነሱ ግን የወጣ ይመስለኛል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ፤ አባባ በሁዳዴ አሳ አይበሉም፣ ከፋሲካ በኋላ ይበላሉ፣ ስለዚህ ጉዳዩ በቤታችን ተዘግቷል። ለዓሣ ዘይቱ ምትክ የሚሆን ነገር ካለ ንገሩኝ አልኩ። 3ኛው ተልባ ብሎ መለሰልኝ። ኦሜጋ 3 ከሚባለው፣ አሳ ውስጥ ካለው ስብ፣ የእፅዋቱ ዓይነት አለው፤ እንደ አሳው አይሆንም፣ ግን ጥሩ ነው። ተፈጭቶ ወይም ተወቅጦ መሆን አለበት፤ ፍሬው እንዳለ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል።

21ኛው ወይን ጠጅ የዝርዝሩ አካል ከሆነ ጠላና አረቄ ለምን አይቆጠሩም ብሎ ጠየቀ። ሳቅ ነው የመሰለኝ፤ ሰውየው ግን የምሩን ነበር። ነርሷ ባጭሩ ዘጋችው። ያልጠጣ ሰው ለጤና ብሎ መጠጥ እንዲጀምር የሚመክር ሐኪም እንደማታውቅ፣ አረቄ ደግሞ ግፊት ላለበት ሰው ጭራሽ እንደማይነሳ ጻፈች። 22ኛው የሷ ነው።

23ኛዋ የሞጣ ሴት ናት፤ ከሁሉም የጠቀመችኝ እሷ ናት። ሁላችንም ያለንን ስንቆጥር የጎደለንን አለመቁጠራችንን አሳየችን። ምስርና ሽሮ አለን፣ ልክ ነው። ግን የጎመኗ መጠን እንጀራው ጥግ ላይ አንድ ጭልፋ ናት። ፍራፍሬ ለታመመ ሰው ነው የሚገዛው። አትክልት ማለት ለኛ ወጥ ማባያ ነው። እሷ ባሏ ስኳር ከያዘው ወዲህ ያደረገችው፣ ትሪው ግማሹ በጎመን፣ በዱባ፣ በካሮት፣ በቀይ ስርና በቲማቲም እንዲሞላ፤ ወጡና እንጀራው በቀረው ግማሽ እንዲሆን ነው። አዚፋ በሰናፍጭና በሎሚ ትሠራለች፤ ዘይት ጠብታ ብቻ። ሱፍ ፍትፍት አለ። መክሰስ ብስኩት ሳይሆን የሽምብራ ቆሎ፣ ከተገኘም ኦቾሎኒ። ወንድሜ የጻፈው ለውዝ ኦቾሎኒ እንዳልሆነና በሌላ አገር የዛፍ ፍሬ እንደሆነም ታውቃለች፤ እዚህ ግን ሁሉም ለኦቾሎኒ ለውዝ ይላልና ከቃል ጋር አልጣላም ብላለች። ሱፐርማርኬት ጠርሙስ ይዤ መቆሜን አንስታም የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት በቀልድ አስታወሰችኝ። ቀልዱ ትንሽ ነካኝ። ተገቢ ስለሆነ ነው።

መጨረሻዋ ግን ስለታም ነበር። 55 ቀን ምስር በልቶ፣ ፋሲካ ዕለት ቅቤው በላዩ የቆመ ዶሮ ወጥና ቁርጥ ሥጋ ላይ ለሁለት ሳምንት የሚወድቅ ሰው፣ ምን ዓይነት አመጋገብ ጀመርኩ ሊል ነው? ለ6ኛው ሽማግሌ እንደጻፈችው ግልጽ ነው። እሳቸውም አነበቡት፤ ልብ ምልክት ሰጡት እንጂ መልስ አልሰጡም።

24ኛው ወንድሜ ነው። ሊንኩን ልኬለት ነበር። ዝርዝሩን የቀዳው ከሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት መሆኑን አመነ። እሱ ራሱ ምሳውን ቆሞ ፒሳ ነው የሚበላው። ዩኔስኮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 ይህን አመጋገብ የጣሊያን፣ የስፔን፣ የግሪክና የሞሮኮ ቅርስ አድርጎ ሲመዘግበው ምግቡን ብቻ ሳይሆን አንድ ማዕድ ላይ አብሮ መቀመጡንም ነው የመዘገበው ብሎ ጻፈ። እዚያ ብቻውን መብላቱን ሊነግረን ፈልጎ ይመስለኛል። አባባን አንድ ላይ እንዲበሉ አድርጊ አለኝ።

ክሩ በዚሁ ተዘጋ። ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። የሚረጋውን ዘይት ለጎረቤት ሰጠን፣ አንድ ሊትር ኑግ ገዛን፣ ቤት ያለችውን ልጅ ሽንኩርት በውኃ ማቁላላት አሳየኋት፤ ሳታምነኝ ሠራችው። ጎመን፣ ዱባ፣ ሎሚ፣ ተልባ ገዛሁ። ከገበያው ጥግ ከአንዲት እናት ላይ ግብጦ አገኘሁ፤ ተዘፍዝፎ ያለቀ፣ ነጭ። አንድ ቀምሼ ምሬት እንደሌለው አረጋግጬ ነው የገዛሁት፤ 14ኛዋን እያሰብኩ።

ማታ በሳህን አድርጌ ለአባባ አቀረብኩላቸው። አንድ ቆረጠሙ። ሁለት ቆረጠሙ። ከዚያ ሳህኑን ትክ ብለው አይተው፣ ሐኪሙ ይህን ያዘዘው ያለ አረቄ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።